ወሎ ውስጥ የአባት ቤት ላላችሁ፦ ከሲሚንቶው በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ላለው ታናሽ ወንድሜ ከውጭ አገር ገንዘብ ላክሁ። «የአባባን ቤት ትንሽ አሳድስልኝ» አልሁት፤ ያልሁት ይህን ብቻ ነው። በጥር ቪዲዮ ላከልኝ። የድንጋይና የጭቃው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ ተለስኖ ክሬም ቀለም ተቀብቷል። አራቱ የጥድ መስኮቶች ወጥተው አሉሚኒየም ገብቶላቸዋል፤ በረንዳው ሴራሚክ ሆኗል። «እንዴት ነው?» ይላል ከካሜራው ጀርባ፣ ድምፁ በደስታ እየሳቀ። ምን ልበለው? አመሰገንሁት።

ክረምቱ ሲገባ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ ማበጥ ጀመረ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት የጓዳው ግድግዳ ልስን በአንድ ጊዜ ተገፎ ወደቀ። ውስጡ ያለው ጭቃ አብሲት መስሏል፤ ጣት ሲነኩት ይገባል።

ጥፋቱ የወንድሜ አይደለም። ገንዘብ ላክሁ እንጂ ቤቱ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አልነገርሁትም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። አባባ በነበሩበት ዘመን ቤቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይለቀለቅ፣ ቆርቆሮው ይመታ ነበር፤ ለሥራው ገንዘብ ስለሌለ ሁሉም በእጅ፣ በቀስታ ይሠራል። እኔ ግን የሠላሳ ዓመቱን እድሳት በሁለት ወር ከፈልሁት። አሮጌ ቤት ባለቤቱ ሲደኸይ ያረጃል፤ ሲያልፍለት ግን በአንድ በጋ ሊጠፋ ይችላል።

ቤታችሁ ከምን እንደተሠራ እወቁ

ወሎ ውስጥ «የድሮ ቤት» ማለት አንድ ነገር አይደለም። ላሊበላ ላይ ከቀይ ድንጋይ የተሠራው ባለ ደርብ ክብ ቤት አለ። ከሚሴ አካባቢ ሾንኬ መንደር የአርጎባዎቹ የድንጋይ ቤቶች ተራራው ላይ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ጣሪያቸው ጠፍጣፋና በአፈር የተሸፈነ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ፣ ቋሚና ማገር ተመትቶ በጭቃ የተመረገ ቤት፣ እንዲሁም ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ትቶት የሄደው ግንብ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትልኩት ገንዘብ ሳይሆን ጥያቄ ይሁን። አንድ ሰው ከማይታይ ጥግ፣ ለምሳሌ ከአልጋ ጀርባ፣ መዳፍ የምታህል ልስን ፈልፍሎ ፎቶ ያንሳላችሁ። ከድንጋዩ መሐል የወጣውን በጣቱ ይፈትገው። አፈር ከሆነ ጭቃ ነው። ነጭና ጠጣር ሆኖ በጥፍር የሚጫር ከሆነ ኖራ ሊሆን ይችላል። ግራጫና እንደ ድንጋይ የደረቀ ከሆነ ሲሚንቶ ነው፤ ያኔ ከእናንተ በፊት የነካካው ሰው አለ ማለት ነው። እንጨቱንም አስጠይቁ። ምሰሶውና ወጋግራው ጥድ ወይም ወይራ ከሆነ፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ የሆነው ክፍል ብዙ ጊዜ በኋላ የተቀጠለ ነው፤ ምስጡን ፍለጋ ከዚያ ይጀመር።

ውሃና ሲሚንቶ

የጭቃ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ የሳበውን በገጹ በኩል መልሶ ያተነዋል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫው ይዘጋል፤ ውሃው ግን መግባቱን አይተውም። እርጥበቱ ከልስኑ ጀርባ እየተከማቸ ጭቃውን ያላላል፣ የማገሩን ጫፍ ያበሰብሳል። ሲሚንቶው ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ከግድግዳው ጋር አብሮ አይላወስም፤ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ጉም የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ እዚያ ግድግዳ ደርቆ የሚቆይበት ጊዜ እንደ ቆላው ረጅም አይደለም።

ሁለተኛው ጠላት መንገዱ ነው፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። በር ላይ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ፣ ከዚያም ሲጠገን፣ በየጊዜው ከፍ እያለ ይመጣል። የኛ ቤት ወለል ዛሬ ከመንገዱ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሏል፤ ልጆች ሳለን ግን ወደ በረንዳው ለመውጣት ሁለት ደረጃ እንረግጥ ነበር። ስለዚህ ከልስንም ከቀለምም በፊት ሁለት ሥራ አለ፦ አሸንዳ ማስተካከልና ከግድግዳው ርቆ የሚሄድ ቦይ ማስቆፈር። ደሴ የተዳፋት ከተማ ናት፣ መሬቷም ይንሸራተታል፤ ከላይ ካለው ጎረቤት የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቁ አንድ ብር እንዳታወጡ።

ከወደቀው ልስን በኋላ ወንድሜ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አገኘልኝ። በቪዲዮ አገናኘን። ሰውዬው ምንም ሳይናገሩ በመዶሻው እጀታ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ኳ ኳ ያደርጉ ጀመር። አንዳንዱ ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ አንዳንዱ እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል። የጮኸውን በከሰል ከበቡት። ሲጨርሱ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «አብሽሪ፣ እታለም» አሉኝ። «የጮኸው ይነሣል፤ ዝም ያለውን ዝም እንበለው።» እኔ ሁሉም ዛሬውኑ ይነሣ ባይ ነበርሁ። ለካ በደንብ የያዘን ሲሚንቶ በግድ ሲፈነቅሉት ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። የተነሣውም ቦታ ወዲያው አይለሰንም፤ ግድግዳው አንድ በጋ ሙሉ ራቁቱን ቆሞ ደረቀ። ጎረቤት ገንዘብ ያለቀብን መስሎት አዝኖልናል።

ልስኑ ሲመለስ ውስጡ ጭቃ፣ ላዩ ኖራ ነው። ጭቃው በጤፍ ጭድ ተቀላቅሎ፣ በእግር ተረግጦ፣ ቀናት ይቦካል፤ ሽታው ሲኮመጥጥ ደርሷል ይላሉ ግንበኞቹ። መጀመሪያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ለመሞከሪያ ይለሰን። ሲደርቅ ከተሰነጣጠቀ አፈሩ በጣም ይጣበቃል፤ አሸዋና ጭድ ይጨመር። ኖራው ከሱቅ በከረጢት የሚገዛው ዱቄት ቢሆንም ቅሉ፣ በርሜል ውስጥ ውሃ ተሞልቶበት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይተኛ፤ እንደ እርጎ ሲረጋ ይሻላል። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ። በስሱ፣ በየደረጃው ይለሰናል፤ ፀሐይ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ለሠራተኞቹ ጓንትና መነጽር ግዙ፣ ትንሽ ወጪ ነው።

ጊዜውን ደግሞ የበረራ ትኬታችሁ አይወስነው። ብዙዎቻችን ለእረፍት በሐምሌና በነሐሴ ስለምንሄድ ሥራውም ያኔ ይጀመር እንላለን፤ እሱ የጭቃ ቤት መርዙ ነው። ወሎ ላይ ከክረምቱ ሌላ በልግም አለ፤ ከየካቲት ጀምሮ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። አስተማማኙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

በአሮጌው ግድግዳ ላይ አርማታ ጥሎ ፎቅ መጨመር ለሚያምራችሁ አንድ ነገር ልበል፦ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከከሚሴ በስተደቡብ ባለችው ካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። ቤቶቻችን ያሉት ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከባድ ነገር ከላዩ ተጭኖበት ሲወዛወዝ ይበተናል። የጥንቶቹ ሠሪዎች ድንጋዩን በእንጨት እየጠፈሩ ይገነቡ ነበር፤ ላስታ የሄዳችሁ ይምርሃነ ክርስቶስ ላይ ዋሻው ውስጥ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ግድግዳ ሆኖ አይታችሁታል። በቤታችሁ ግድግዳ ውስጥ ተጋድሞ የምታዩት ግንድ ጌጥ አይደለምና አታስነሡት።

ዘመናዊ ኑሮ አይግባ አላልሁም። እናቴ ጭስ ይብቃት። ግን መጸዳጃ ቤቱና ማዕድ ቤቱ ከጀርባ ለብቻው በብሎኬት ይሠራ፤ የውሃ ቧንቧ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ አይቀበር። የመብራት መስመርም ግድግዳ ሳይሰነጠቅ ከላይ በቱቦ ይዘርጋ።

ወረቀቱ

ሕጉን አሳጥሬ እሄዳለሁ፤ አንድ ነገር ላይ ብቻ እቆማለሁ።

ቤቱ የማን ነው? ደሴ ውስጥ ብዙ ያማሩ የድሮ ቤቶች በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የመንግሥት ሆነው ዛሬም በቀበሌ ኪራይ ይኖርባቸዋል። «የአያቴ ቤት» ያላችሁት እንደዚያ ከሆነ የኪራይ ቤት እያደሳችሁ ነው። በእጃችሁ የቀረ ከሆነ ደግሞ ካርታው አሁንም በሟች ስም ሊሆን ይችላል። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይወጣል፤ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁና ሁላችሁም ከተስማማችሁ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ። ጅዳ ያለችውም እህት፣ ዋሽንግተን ያለውም ወንድም ይስማሙ፤ ያልተስማማ ወራሽ ግድግዳው ካማረ በኋላ ይመጣል። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 270 የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን፣ አስቀድማችሁ አውጡ።

የምቆምበት ውክልናው ላይ ነው። ብዙ ሰው ኤምባሲ ሄዶ «ሁሉንም ነገር ያድርግልኝ» ብሎ ይፈርማል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2204 መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፦ ንብረቱን መጠበቅና መጠገን፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈልን የመሳሰለ። መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ ክስ ማቅረብ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል፤ ቁጥር 2205 ነው። ለእድሳት የመጀመሪያው ይበቃችኋል። የውክልናው ጸሐፊ ከልምድ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለውን ሐረግ ቢያስገባው አስወጡት፤ ወንድማችሁን ስለማታምኑት ሳይሆን ማንም መጥቶ እንዳያስጨንቀው። የማፍረስና የግንባታ ፈቃድ ማውጣት የሚለው ግን በስሙ ይጻፍ። ኤምባሲው ያረጋገጠው ወረቀት አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደርሶ መረጋገጥ እንዳለበትም አትርሱ።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ማደስን ይከለክላል። ላሊበላ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧልና አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ቤት ያላችሁ መስኮት ከመንካታችሁ በፊት ቅርስ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ያው አዋጅ የዕቃውንም ነገር ያነሣል፦ ሣጥን ውስጥ የተገኘ የብራና መጽሐፍ ወይም የድሮ በእጅ የተጻፈ ቁርኣን በሻንጣ ይዞ መውጣት አይቻልም። ሁሉንም ፎቶ አንሡ፣ ልኩን ጻፉ። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም፣ ያ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት፣ ሲዘረፍ አይተናል።

ገንዘቡና ዓይኑ

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው ስለተለወጠ ከዚያ በፊት የተነገራችሁ ዋጋ ዛሬ አይሠራም። በባንክ ላኩ፣ ደረሰኙ ይቀመጥ። በአንድ ጊዜ አትላኩ፤ ቦዩ ሲያልቅ ለአሸንዳው፣ አሸንዳው ዝናብ ሲያይ ለልስኑ። ጭቃና ኖራ በቀን ሂሳብ ይሠራ፤ በቁርጥ የተዋዋለ ሰው ጭቃ እስኪቦካ አይጠብቅም፣ አይፈረድበትም።

ካሜራ መግጠም አያስፈልግም። እኔ ከወንድሜ የምፈልገው ዝናብ ሲጥል የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ውሃው በየት ሄደ፣ የቱ ጥግ ረጠበ። እሱ ሲታክተው የቅሬው፣ ማለትም የእድሩ፣ ሰዎች አሉ። ከቅሬው አንድ አዛውንት ቤቱን በወር አንዴ ዞረው እንዲያዩልን ለመንናቸው፤ ብር አንቀበልም ስላሉ ቡናና ስኳር እንልካለን። ገንዘቡን ከሚያወጣው ሌላ የሚያይ ሰው ሲኖር ጠብም ይቀንሳል።

የጥድ መስኮቶቹን ነገር ሳልጨርስ። ሁለቱ ተፈልጠው ማገዶ ሆነዋል። ሁለቱን ወንድሜ ታች ሰፈር አንዲት ሴትዮ ግቢ የዶሮ ቤት በር ሆነው አገኛቸው፤ ማጠፊያቸው እንኳ አልወለቀም። ሴትዮዋ አልሰጥም አሉ። «መስኮታችሁን ውሰዱ፤ ዶሮዎቼስ የት ይደሩ?» እውነታቸውን ነው። አዲስ የዶሮ ቤት በቆርቆሮ አሠራንላቸው፤ የቀሩትን ሁለት መስኮቶች አናጢው የተመለሱትን እያየ በመሥራት ላይ ነው።