በከተማ ዳርቻ የጤና መድንን በአግባቡ ለመጠቀም

በቱሉ ዲምቱም ሆነ በቦሌ አራብሳ የሚኖሩና ቋሚ ደመወዝ የሌለዎት ከሆነ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ለመሆን የሚመዘገቡት በሚኖሩበት ወረዳ ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ብዙ ቤተሰቦች መታወቂያቸው አሁንም በቀድሞው ወረዳ ስለሆነ፣ የምዝገባው ወቅት ሳይደርስ መሸኛ አስወጥተው ፋይላቸውን ቢያዛውሩ ከብዙ መጉላላት ይድናሉ። መዋጮው በየዓመቱ የሚሰበሰበው ጤነኛው የታመመውን እንዲደግፍ ታስቦ በመሆኑ፣ እስኪታመሙ መጠበቅ አይገባም፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ሥርዓት የቆመውም በዚሁ መርህ ላይ ነው።

ሕክምና ሲያስፈልግዎ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁሉን አቀፍ ሽፋን የጀመረችው ታይላንድም ታካሚዎቿን በቅርብ ተቋም አስመዝግባ ወደ ላይ የምትልከው በሪፈር ነው፤ ጀርመን ውስጥ ግን ታካሚው በቀጥታ ስፔሻሊስት ዘንድ መቅረብ ይችላል። እኛ ዘንድ ሪፈሩ ወሳኝ ስለሆነ፣ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስምዎ ከመታወቂያዎ ጋር አንድ መሆኑን፣ የሐኪሙ ፊርማ፣ ቀኑና ማኅተሙ መኖራቸውን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ከዳርቻ ተነሥቶ ጥቁር አንበሳ የደረሰ ሕመምተኛ ለአንድ ማኅተም ሲባል መመለስ የለበትም።

የታዘዘልዎ መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ከታጣ፣ በራስዎ ገንዘብ ከመግዛትዎ በፊት ውል የተገባበት ፋርማሲ የት እንዳለ ይጠይቁ።