የባሕርያት መሳፍንትን ሲያጫውቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ ኢሚክስን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ያወጣሁት ዕለት፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ውጊያው አለቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት የእሳት መስፍን በሦስት ዙር ወደቀ። አራቱ ተጫዋቾቼ እርስ በርስ ተያዩና አንደኛው «ይኸው ነው?» አለኝ። ጥያቄው ለብዙ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ቆየ። ከዚያ ወዲህ መሳፍንቱን ደጋግሜ አጫውቻለሁ፤ አብዛኛውን ስህተት እኔው ራሴ ስለሠራሁት ከነጣዕሙ አውቀዋለሁ።

ለአዲስ ጨዋታ መሪዎች ጥቂት መነሻ ይኑር። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 በአሜሪካ የታተመ የሚና ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቾቹ ጀግኖቹን ይሆናሉ፣ የጨዋታ መሪው ዓለሙንና ጠላቶቹን ያጫውታል። በ1981 በወጣ አንድ የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ አምስት ክፉ መሳፍንት ብቅ አሉ፦ የእሳቱ ኢሚክስ፣ የመሬቱ ኦግሬሞክ፣ የውሃዋ ኦልሂድራ፣ የነፋሱ ያን-ሲ-ቢን እና የብርዱ ክሪዮናክስ። ክሪዮናክስ ወደ ጎን ሲቀር፣ አራቱ በ2015 በአምስተኛው እትም ሕግ ለተጻፈ አንድ ሙሉ ጀብዱ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ ለታተመ የጨዋታ ታሪክ፣ ዋና ጠላቶች ሆኑ። እኔ «የባሕርያት መሳፍንት» እላቸዋለሁ። ሰው ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ ተፈጠረ የሚለውን ትምህርት ሲሰማ ላደገ አንባቢ ከዚህ የቀረበ ቃል አላገኘሁም።

ከሌሎች ኃያላን ጋር ማደባለቅ

ይህ በአጭሩ ያልፋል። ከጨዋታው ምናባዊ ዓለማት አንዱ በሆነው በፎርጎትን ሪልምስ ኮሱዝ፣ ግሩምባር፣ ኢስቲሺያና አካዲ የሚባሉ የእሳት፣ የመሬት፣ የውሃና የነፋስ ጌቶች አሉ። እነርሱ የሚመለኩ አማልክት ናቸው፤ ክፋትም ሆነ ደግነት ጉዳያቸው አይደለም። መሳፍንቱ ግን ክፉዎች ናቸው፤ ደረጃቸውም ከአማልክቱ በታች ነው። በእሳቱ ዓለም በናስ ከተማ የነገሠው የኢፍሪቶች ሱልጣንም ሌላ ነው፤ እርሱ የጂኒ ገዥ ነው። ደግ መሳፍንትም አሉ፤ የእሳቱ ዛማን ሩልና የውሃው ቤን-ሃዳር ከእነርሱ መካከል ናቸው። የኮሱዝ ካህን የሆነ ተጫዋች ካለዎት ደግሞ መደባለቁ ዋጋ ያስከፍላል፤ ኢሚክስን የአምላኩ አገልጋይ አድርገው ካቀረቡት በራሱ ሃይማኖት ላይ አዘመቱት ማለት ነው።

መስፍኑን ትልቅ ጭራቅ አድርጎ ማየት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ የእኔም ኢሚክስ የሞተው በዚህ ነው። ቁጥሩን አየሁ፣ ቁመቱን አየሁ፣ ዋሻ ውስጥ አስቀመጥኩትና ተጫዋቾቹ እስኪመጡ ድረስ እንዲቆም አደረግሁት። ገዥ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ግብር ይሰበስባል፣ ሹም ይሾማል፣ ሹም ይሽራል፣ መልእክተኛ ይልካል። አንድ ገበሬ የመስፍኑን ፊት ሳያይ ዕድሜውን ይጨርሳል፤ ጭቃ ሹሙን ግን በየሳምንቱ ያየዋል። ፍርሃቱም የሚመጣው በጭቃ ሹሙ በኩል ነው።

የ2015ቱ ጀብዱ ይህን በደንብ ያውቃል። ታሪኩ የሚጀምረው በደሳሪን ሸለቆ፣ ሬድ ላርች በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። መሳፍንቱ ለብዙ ምዕራፍ አይታዩም። የሚታዩት በየገጹ የተከበረ ልብስ የለበሱ ተከታዮቻቸው ናቸው። የነፋሱ ወገን በበራሪ እንስሳት የሚጋልቡ የባለጸጋ ፈረሰኞች ማኅበር መስሎ ማማ ላይ ተቀምጧል። የመሬቱ ወገን በድንጋይ ገዳም ውስጥ ነው። የውሃው ወገን በወንዙ ዳር ምሽግ ይዟል፤ የእሳቱ ደግሞ የተፈጥሮን ሚዛን እንመልሳለን እያለ ድሩይዶችን፣ የተፈጥሮ ካህናትን፣ ይሰበስባል። እነዚህን ያየ ተጫዋች «ከኋላቸው ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚወጣ መስፍን እንግዳ ሳይጠራ የተጣለ ድንኳን ነው።

ከዚያ በላይ ነቢያቱ አሉ፤ እያንዳንዱ መስፍን አንድ ነቢይ አለው። የውሃዋ ነቢይ፣ «ጋር ሻተርኪል» የሚባለው፣ አንድ እጁን ባሕር ላይ ያጣ መርከበኛ ነው። የመሬቱ ማርሎስ ዐይኑን ያየውን ሁሉ ወደ ድንጋይ የሚለውጥ፣ በመልኩ ግን እጅግ የሚመካ ፍጡር ነው። እነዚህ ሰዎች ለምን አጎነበሱ? መልሱን ተጫዋቾችዎ ካወቁት፣ መስፍኑ ገና ሳይታይ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ አውቀዋል። እኔ አሁን ከመስፍኑ ይልቅ በነቢዩ ላይ ሁለት እጥፍ ጊዜ አጠፋለሁ።

አራቱን አንድ ግንባር ማድረግ

አራት ክፉ ኃይሎች ሲያዩ ወዲያውኑ አንድ ጦር ማድረግ ያጓጓል። አይሞክሩት። የአራቱ ተከታዮች ይናናቃሉ፣ ይዋጋሉ፣ አንዱ የሌላውን ሰው ያሳድዳል። ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ ኃይል በታች ናቸው፤ ሽማግሌው የባሕርያት ዐይን ይባላል። በመካከል ሁሉም የሚጠራው፣ ማንም ግን በወጉ የማይታዘዘው አንድ ስም አለ፤ ዳር ላይ ደግሞ እርስ በርስ የሚበላላ ጦር አለ። ዘመነ መሳፍንትን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ለዚህ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ለጨዋታ መሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ተጫዋቾቹ በጉልበት የማይችሉትን በሽምግልና ወይም በነገር ሊያደርጉት ይችላሉ። አንዴ የእኔ ተጫዋቾች የውሃውን ሰዎች በእሳቱ ሰዎች ላይ አነሣሥተው አንድ ሙሉ ምሽግ ያለ አንድ የሰይፍ ምት አስለቀቁ። ያ ምሽት ከሁሉም ውጊያ ይልቅ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ብቻውን ማዋጋት

ወደ ቁጥር እንግባ። የኢሚክስ የሕይወት ነጥብ፣ ሲያልቅ የሚወድቅበት፣ 325 ነው። አራት ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ ጀግኖች እያንዳንዳቸው በተራቸው 35 ነጥብ ቢያጎድሉ በአንድ ዙር 140 ነው። ሂሳቡ ሦስተኛውን ዙር አይሻገርም፤ የእኔም ኢሚክስ አልተሻገረም። እነርሱ በአንድ ዙር አራት ተራ አላቸው፣ እርሱ አንድ። ቁመቱ ቢረዝም ቢያጥርም ይህን አይለውጠውም።

ሕጉ ራሱ መድኃኒት ሰጥቷል፤ እኔ ግን አላነበብኩትም ነበር። መስፍን በሌሎች ተራ መጨረሻ ላይ የሚጠቀምባቸው በየዙሩ የሚታደሱ ሦስት ልዩ እርምጃዎች አሉት። በድግምት ሊያዝ ሲል ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ «አልተያዝኩም» የማለት መብት አለው። ኢሚክስ በዙሪያው 10 ጫማ ያህል የሚደርስ ትኩሳት አለው፤ በተራው መጀመሪያ የቀረበው ሁሉ ይቃጠላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ የባሕርዩን ፍጡራን እስከ ሦስት ድረስ መጥራት ይችላል። እነዚህን አራቱን ረስቼ ነው ተጫዋቾቼን የወቀስኳቸው።

አራቱ መሳፍንት አንድ ዓይነት እንዳይመስሉም ይጠንቀቁ። ኦግሬሞክ 526 የሕይወት ነጥብ ያለው ተራራ ነው፤ ከእርሱ ጋር መጋፈጥ ግንብ በመዶሻ እንደ መናድ ይሁን። ያን-ሲ-ቢን 283 ብቻ አለው፣ የመከላከያ ቁጥሩ፣ እርሱን ለመምታት ዳይሱ ሊደርስበት የሚገባው፣ ግን 22 ነው። እርሱን መምታቱ ራሱ ድል ሊሆን ይገባል።

የእሳቱን አስማተኛ ሳይነግሩ ማድፈጥ

ኢሚክስን እሳት አይነካውም፣ መርዝም አይሠራበትም። ይህ ትክክል ነው። ስህተቱ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሳት ኳስ የኖረ ተጫዋች ይህን በመጨረሻው ምሽት እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ልጁ አንድ ምሽት ሙሉ ዳይሱን ይዞ ተቀምጦ ቆሎ ሲቆረጥም አይቻለሁ። ፍትሐዊ አይደለም፣ አስደሳችም አይደለም። ከሦስት ወር በፊት አንድ አንጥረኛ «እሳትን በእሳት የገደለ አላየሁም» ይበል፤ ወይም የተቃጠለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግማሽ ገጽ ይገኝ። ሰምቶ ችላ ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሜዳውን መርሳት

ኦልሂድራን ደረቅ አዳራሽ ውስጥ አያውጡ። የውሃ ገዥ ያለ ውሃ ምንድን ናት? ወለሉ ይስጠም፣ መብራቱ ይጥፋ፣ የብረት ጥሩር የለበሰው ይክበደው። ስለ እርሷ ሲያወሩ ደግሞ «እርሱ» አይበሉ፤ ከአራቱ ሴት እርሷ ብቻ ናት። በሌላ ቋንቋ አንብቦ በአማርኛ የሚያጫውት ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ሁሉንም «አንተ» ማስባል

ይህ በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ በአማርኛ ስናጫውት ብቻ የሚመጣ ጣጣ ነው። መስፍኑ ሲናገር ማንን አንተ ይላል፣ ማንን አንቱ? ነቢዩስ ለመስፍኑ? በመጀመሪያ ሰሞን ሁሉም በአንተ ይነጋገሩ ነበርና የእሳቱ ገዥ የሰፈር ጎረምሳ ሆኖ አረፈው። አሁን መስፍኑ ስለ ራሱ «እኛ» ይላል፤ ነገሥታቱ በአዋጅ እንደሚናገሩት። ነቢያቱ ፊቱ ቆመው «እርስዎ» ይላሉ፤ ከኋላው ግን አንዳንዶቹ «እሱ» ማለት ይጀምራሉ፤ ክህደት ከዚያች አንዲት ቃል ይታወቃል። የሰሙ ተጫዋቾች ያንን ነቢይ ፈልገው አግኝተው አግባብተውታል። ያን-ሲ-ቢንን ደግሞ ማንም ሳይጠብቅ ሁሉንም በአንቱታ እንዲያናግር አደረግሁት። ያን ያህል ያስፈራል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

ከሞተ በኋላ ዓለሙ እንዳልሆነ መቀጠል

ገዥ ወድቆ ገበያው በማግስቱ እንደ ወትሮው ከቆመ፣ ገዥ አልነበረም። ነቢያቱ የያዟቸው አራት መሣሪያዎች አሉ፦ ጩቤ፣ ጦር፣ የጦር ዶማና ባለ ሦስት ጣት ጦር። ማን ይውሰዳቸው? ከተበተኑት ተከታዮች ግማሾቹ የሬድ ላርች ልጆች ናቸው፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ማን በር ይከፍትላቸዋል?

በእኔ ጠረጴዛ ኦልሂድራ ስትወድቅ ወንዙ ለአንድ ወር ወደ ኋላ ሸሸ። ዓሣ አጥማጆቹ ተሰብስበው መጥተው ካሣ ጠየቁ፤ የጠየቁትም ከተማዋን ያዳኑትን ጀግኖች ነው። ተጫዋቾቼ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ተናደዱ፣ ከዚያ ሽማግሌ ላኩ። ሦስት ቅዳሜ አልፏል፤ ክርክሩ ገና በጀልባ ብዛት ላይ ነው።