በጠቅላላ እውቀት ጥያቄና መልስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን አጠገብ ባለው የጋራ መገልገያ ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ ጥያቄና መልስ አካሂዳለሁ። ወንበሮቹ የእድሩ ናቸው፤ ስንጨርስ ደርድረን እንመልሳለን። አንድ ቀን «በቆዳ ስፋት ከአፍሪካ አንደኛ የሆነችው አገር ማን ናት?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ «አልጄሪያ» አለች። የያዝኩት ወረቀት «ሱዳን» ይላል። ነጥቡን ለሌላው ቡድን ሰጠሁት።

ልክ የነበረችው ልጅቷ ናት። ሱዳን አንደኛ የነበረችው ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን እስካወጀችበት ቀን ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቦታውን የያዘችው 2.38 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያላት አልጄሪያ ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በልጆቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄ ነጥቡን መለስኩ። ግን ያን ቀን ልጅቷ እጇን ለማውጣት ስታመነታ አየሁ፤ አንጀቴን በላው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቼን አንድ በአንድ ማጣራት ጀመርኩ። ደጋግመው ያጋጠሙኝ ስህተቶች የሚከተሉት ናቸው። በሰፈር፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ውስጥ ልጆችን የምትጠይቁ ሁሉ እንድትጠነቀቁባቸው እፈልጋለሁ።

አሮጌ መልስ ይዞ መቅረብ

የሱዳኑ ጉዳይ ከዚህ ይመደባል። ስዋዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኤስዋቲኒ ናት። ቡሩንዲ የፖለቲካ ዋና ከተማዋን ከቡጁምቡራ ወደ ጊቴጋ አዛውራለች። በሕዝብ ብዛት ለረጅም ዘመን ቻይና አንደኛ ስትባል ኖራ፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 ሕንድ ቀድማታለች። መገናኛ አስፋልት ዳር ከተዘረጉት መጻሕፍት መካከል የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ሲያነሡ፣ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት የታተመበትን ዓመት ይመልከቱ።

ዓመተ ምሕረቱን ማደባለቅ

ይህ የእኛው ፈተና ነው፤ ሌላው ዓለም የለበትም። «ዓድዋ መቼ ነው?» ሲባል አንዱ ልጅ 1888፣ ሌላው 1896 ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ስህተቱ አቆጣጠሩን ሳይናገር የጠየቀው ሰው ላይ ነው።

ከዚህ የሚብሰው «ከፈረንጆቹ ላይ ሁልጊዜ 8 ቀንስ» የሚለው ሕግ ነው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ለልጆቹ የማስረዳው በአበበ ቢቂላ ነው። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ያሸነፈው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው፤ በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ሆነና 1953 ገባ። በእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደግሞ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። ለፈረንጅ ሁለቱም በ1960 የሆኑ ናቸው፤ ለእኛ ግን በመካከላቸው አዲስ ዓመት አለ። ይህን አንዴ የገባው ልጅ ሁለተኛ አይሳሳትም። ስለዚህ ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጻፍ ምንም ጥያቄ አይጠየቅ።

ታዋቂውን ከተማ ዋና ከተማ ማድረግ

ሌጎስ፣ ሲድኒ፣ ኢስታንቡል፣ ሪዮ፣ ዳሬሰላም። ልጆች እነዚህን የሚሉት ስማቸውን አዘውትረው ስለሚሰሙ ነው፤ አይፈረድባቸውም። ትክክለኞቹ አቡጃ፣ ካንቤራ፣ አንካራ፣ ብራዚሊያና ዶዶማ ናቸው። ዝርዝሩን በቃል ከማስያዝ ይልቅ ምክንያቱን መንገር ይሻላል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ አቡጃ የዞረችው ከባሕር ዳር ከተጨናነቀው ሌጎስ ወጥታ በአገሩ መካከል ለመቀመጥ ነው። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ1960 ብራዚሊያን ወደ መሐል አገር ገብታ መሠረተች። አውስትራሊያ ሲድኒና ሜልቦርን ስለተፎካከሩባት ለሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ከተማ ሠራች።

ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት አንኮበር ነበር፣ ከዚያ እንጦጦ ወጣ፣ ከእንጦጦ ደግሞ እቴጌ ጣይቱ የፍል ውኃውን ሜዳ ወደዱና ወደ ታች ወረደ። ዋና ከተማ እንደሚዛወር ከራሱ ከተማ የተማረ ልጅ፣ አቡጃን ለመቀበል አይቸገርም።

«ዐረብ አገር»ን እንደ አንድ አገር መቁጠር

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ ልናገር፤ በሰፈራችን ከጨዋታ ያለፈ ነገር ነውና። ልጁ ወይም እህቱ ወደዚያ ያልሄደችበት ደረጃ በብሎካችን ፈልጌ አላገኘሁም። «የት ናት?» ሲባል መልሱ «ዐረብ አገር» ነው፣ ወይም «ዱባይ»፣ ወይም «ቤሩት»። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ሬድዮኑ ስለ ሊባኖስ ጦርነት ሲያወራ፣ አንዲት የብሎካችን እናት ቡናቸውን እያፈሉ በእርጋታ ይሰሙ ነበር። ልጃቸው ቤሩት ናት። ሊባኖስና ቤሩት ለእሳቸው ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነበሩ። ከቅዳሜ ልጆቼ አንዱ የሆነው ትንሹ ልጃቸው «እማዬ፣ ቤሩት እኮ የሊባኖስ ዋና ከተማ ናት» ሲላቸው ረከቦቱን ትተው ስልክ ፍለጋ ተነሡ። ልጅቷ ደህና ነበረች፤ ተመስገን።

ስለዚህ ለይተን እንወቅ። ዱባይ አገር አይደለችም። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተች አገር ናት፤ በውስጧ ሰባት ኤምሬቶች አሉ፤ ዱባይ አንዷ፣ ሻርጃ ሌላዋ ናት፤ ዋና ከተማዋ ደግሞ አቡዳቢ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ ሌላ አገር ናት፤ ዋና ከተማዋ ሪያድ እንጂ ጅዳ አይደለም። የሳዑዲ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ኤምሬቶች በአንድ ሰዓት ይቀድሙናል። ሳዑዲ የሚያርፉት ዓርብና ቅዳሜ ሲሆን፣ ኤምሬቶች ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቅዳሜንና እሑድን የዕረፍት ቀን አድርገዋል። ለልጆቹ የስልክ መነሻ ቁጥሮችንም አስጠንቻቸዋለሁ፦ 961 ሊባኖስ፣ 966 ሳዑዲ፣ 971 ኤምሬቶች። ከውጭ የተደወለውን አይተው ለእናታቸው ይናገራሉ።

ሊባኖስ ያቺው በመጽሐፍ ቅዱስ ዝግባዋ የሚነሣላት አገር ናት፤ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል የነበረው ገዳማችን ደብረ ሊባኖስ የተባለውም በእሷ ስም ነው። ዝግባው ዛሬም ባንዲራዋ ላይ አለ። ተራሮቿ በብርዱ ወራት በረዶ ይለብሳሉ። ሕዝቧም ሁሉ እስላም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1943 ስምምነት ጀምሮ ፕሬዝዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ እንዲሆኑ ተለምዷል።

ከዐረቦች ጋር የማይቆጠሩም አሉ። ኢራናውያን በብዛት የሚናገሩት ፋርስኛ፣ ቱርኮች ደግሞ ቱርክኛ ነው። በተቃራኒው የዐረብ ሊግ 22 አባላት ሲኖሩት 10ሩ አፍሪካ ውስጥ ናቸው፤ ጎረቤቶቻችን ሱዳን፣ ጅቡቲና ሶማሊያ ከእነሱ መካከል ናቸው።

«በአፍሪካ ብቸኛዋ» ማለት

አገሬን እወዳለሁ፤ በምወዳት አገር ስም ያልተጣራ ነገር ለልጅ ማስተማር ግን አልችልም። «የራሷ ፊደል ያላት ብቸኛዋ የአፍሪካ አገር ኢትዮጵያ ናት» የሚለው በየመድረኩ ይጠየቃል። የሰሜን አፍሪካ አማዚጎች ቲፊናግ የሚባል ጥንታዊ ጽሕፈት አላቸው። ላይቤሪያ ውስጥ የቫይ ሕዝብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የራሱን ፊደል ፈጥሯል። ሶሎማና ካንቴ የተባለ የጊኒ ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 ንኮ የተባለውን ፊደል አዘጋጅቶ ዛሬ በምዕራብ አፍሪካ ይጻፍበታል። የግዕዝ ፊደል ከአክሱም ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ እየተጻፈበት መኖሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ «ብቸኛ» የሚል ቃል አያሻውም።

አሥራ ሦስት ወርም እንዲሁ። የግብፅ ኮፕቶች የዘመን አቆጣጠር 13 ወር አለው፤ አዲስ ዓመታቸውም ከእንቁጣጣሽ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። በቡና ምርት ከዓለም አንደኛዋ ብራዚል ናት፤ እኛ ከአፍሪካ አንደኛ ነን፣ የአረቢካ ቡና መገኛም ነን። ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ የእኛው ዳሎል ሳይሆን፣ ጅቡቲ ውስጥ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለው የአሳል ሐይቅ ነው። «ከቅኝ ግዛት ነጻ የወጣች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ጋና» የሚለውም ከሰሐራ በታች ካልተባለ ልክ አይመጣም፤ ጋና ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን ሊቢያ በ1951፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያና ሱዳን በ1956 ቀድመዋታል። ከሰሐራ በታች ሲባል እንኳ ሱዳን የት እንደምትቆጠር ክርክር ስለሚያስነሣ፣ እኔ ጥያቄውን ትቼዋለሁ።

በስም የሚመሳሰሉ አገሮች

«የኮንጎ ዋና ከተማ» ብሎ ጥያቄ የለም። ኪንሻሳና ብራዛቪል በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ የተፋጠጡ የሁለት አገሮች ከተሞች ናቸው። ጊኒም ሦስት አለ፦ ጊኒ፣ ጊኒ ቢሳው፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ከአፍሪካም ውጭ ነች።

አንድ መልስ የሌለውን ጥያቄ መጠየቅ

«አዲስ አበባ በከፍታ ከዓለም ዋና ከተሞች ስንተኛ ናት?» ብዬ ጠይቄ ልጆቹ ተከራከሩ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአፍሪካ አንደኛ መሆኗ አያጠያይቅም። ኪቶና ቦጎታ ከእሷ በላይ ናቸው። ላ ፓዝ ግን ችግር አለባት፤ የቦሊቪያ መንግሥት የተቀመጠው እዚያ ሲሆን በሕገ መንግሥቱ ዋና ከተማ የተባለችው ሱክሬ ነች። ሱክሬም ብትሆን ከእኛ ትበልጣለች። ታዲያ መልሱ ከሁለቱ አንዷን ብቻ ወይም ሁለቱንም በመቁጠርዎ ይወሰናል።

የራስ ዳሸን ከፍታ ደግሞ የባሰ አጨቃጨቀን። ልጆቹ የታላላቆቻቸውን መጻሕፍት ይዘው መጡ፤ በአንዱ 4,620፣ በሌላው 4,550 ሜትር ይላል። 4,533 የሚልም አለ። የመጀመሪያውን ቁጥር ከያዝን ራስ ዳሸን ከታንዛኒያው ሜሩ ይበልጣል፤ ሌሎቹን ከያዝን ሜሩ ይበልጠዋል። ስለ «ከአፍሪካ ስንተኛ» የተጻፈውን ካርድ ቀድጄ ጣልኩት። በምትኩ «ራስ ዳሸን በየትኛው የተራራ ሰንሰለት ውስጥ ይገኛል?» ብዬ ጠየቅሁ። ያቺው የአልጄሪያዋ ልጅ እጇን አወጣችና «ሰሜን ተራሮች» አለች።