ከዞኮሎው በላይ ቀለም ካበጠ ቀለም ቀቢ አትጥሩ

ቧንቧ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሰው የሚደውልልኝ ግን ኮርኒሱ ሲያንጠባጥብ ወይም የታች ፎቅ ጎረቤት ተቆጥቶ በር ሲያንኳኳ ነው። ያኔ ግድግዳው ውሃ መጠጣት ከጀመረ ወራት አልፎታል። ቀድመው የሚታዩትን ምልክቶች ልንገራችሁ። ጎሚኒ መቀየር ሁላችሁም ስለምትችሉ እሱን ዘልዬዋለሁ።

ምልክት፦ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ባለው ግድግዳ ቀለም ያብጣል

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ደጋግሜ የምጠራው ለዚህ ነው። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከሻወሩ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ከዞኮሎው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀለሙ ውሃ ይቋጥራል። በጣት ሲነኩት እስቱኮው እንደ ዱቄት ይረግፋል። አንዳንዴ ጨው የሚመስል ነጭ ነገር ይወጣበታል።

ችግሩ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ ቁም ሣጥን ተደግፏል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያውቀው ዓይን ሳይሆን አፍንጫ ነው። ለበዓል ነጠላው ሲወጣ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ሰውም ብል መስሎት የብል መድኃኒት ይጨምርበታል። እባካችሁ ቁም ሣጥኑን በዓመት ሁለቴ እንኳ ሳብ አድርጉትና ጀርባውን በስልክ መብራት እዩ።

ጀሞ አንዲት እናት ይህንን ግድግዳ ሦስት ጊዜ አስቀብተውታል፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ። «ልጄ፣ የዘንድሮ ቀለም እኮ ውሃ ነው» አሉኝ። ቀለሙ ምን አደረገ! ሦስተኛው ቀለም ቀቢ «አያዳግምም» ብሎ የዘይት ቀለም ቀባላቸው። የዘይት ቀለም ግድግዳው እንዳይተነፍስ ያፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ተሳበና በሶኬቱ ሳጥን በኩል ብቅ አለ። ስደርስ የሞባይል ቻርጀር ተሰክቶበት ነበር! ግድግዳው ረጥቦ አጠገቡ ሶኬት ካለ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ሌላው ሁሉ ይቆይ።

መንስኤ፦ ሻወሩ የሚገጠምበት ኤልቦ

አሁን የምንዘረጋው ፒፒአር የሚባለውን፣ በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። የሻወሩ ቧንቧ የሚገጠምበት ቦታ ላይ ባለ ጥርስ ኤልቦ፣ ማለትም ቧንቧውን የሚያጥፍ መገጣጠሚያ፣ ይገባል፤ ላዩ ፕላስቲክ፣ ውስጡ የነሐስ ጥርስ። ቤቱን የሚያጠፋው ይህ ዕቃ ነው። በጥቂት ብር ልዩነት ርካሹን የሚገዛ ሰው ያናድደኛል። ሴራሚኩን ከውጭ አስመጥቶ፣ ከሴራሚኩ ጀርባ ቆሻሻ ኤልቦ ይቀብርበታል። ዕቃ ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ጥርሱን ከሳበው ነሐስ የተቀባ ብረት ነውና መልሱት። ካልሳበውም ወዲያው አትመኑ፤ በእጃችሁ መዝኑት። ቀላል ከሆነ ይቅርባችሁ።

ዕቃው ደህና ሆኖ የሚበላሸው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ማጥበቅ ነው። አንድ አባወራ ሻወሩ ጠብ ጠብ ሲልበት ቴፍሎኑን ደራርቦ ጠመጠመና በትልቅ የቧንቧ መፍቻ አጠበቀው። ጠብታው ቆመ። «አየህ ጋሼ፣ አንተን ሳልጠራ ሠራሁት» ብሎ ቀለደብኝ። ከአምስት ወር በኋላ ጠራኝ። ፕላስቲኩ ፀጉር በምታክል መስመር ተሰንጥቆ ውሃውን ወደ ግድግዳው እየላከ ነበር።

ሁለተኛው ብየዳው ነው። የፒፒአር ማሽን 260 ዲግሪ መድረስ አለበት። ባለ 20 ሚሊሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ ያህል ይሞቃል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሳይጠመዘዝ ይገባል። መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ «ገና ትኩስ ነው» ብሎ የሚቀጥል ባለሙያ አለ። ያ መጋጠሚያ ዛሬ አያፈስም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ቧንቧው ባዶ ይሆናል፣ ይሞላል፣ አየሩ እያስነጠሰ ይገፋዋል። አንድ ቀን ይለቃል።

ማረጋገጫ

ግድግዳ ከመስበር በፊት ውሃው ከየት እንደሆነ ለዩ። ሁለት ቀን በዚያ ሻወር አትታጠቡ፤ የመስመሩን ውሃ ግን አትዝጉ። እርጥበቱ ካልቀነሰ ንጹህ ውሃ የሚያመጣውን ቧንቧ ጠርጥሩ። ከቀነሰ ደግሞ የፍሳሽ ቧንቧውን ወይም የሴራሚኩን መጋጠሚያ ጠርጥሩ። ወለሉ ላይ ያለውን የፍሳሽ ቀዳዳ ሳትነኩ ግድግዳውን ብቻ በሻወር እርጩ፤ በማግስቱ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ብቻ በባልዲ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። የትኛው ቀን እንዳረጠበ እዩ። መጋጠሚያው ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ አሮጌው ነጭ ሲሚንቶ ተፍቆ በአዲስ ይሞላል፣ ጥጉ ሲሊኮን ይደረግበታል።

ቆጣሪ ማየት ጥሩ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ ከዞረች ውሃ እየሄደ ነው። ሮቶ ካላችሁ ግን ሮቶው እየሞላ ሊሆን ስለሚችል መግቢያውን ዝጉ። ቤቱ የሚጠጣው ከሮቶ ከሆነ ደግሞ ቆጣሪው ስለ ቤቱ ውስጥ ምንም አይነግራችሁም። ማታ በእንጨት የውሃውን ከፍታ ለኩ፤ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ድገሙት። ፓምፕ ያለው ሰው ምርመራው ቀላል ነው። ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ሌሊት ለብቻው እየተነሳ ከጠፋ፣ ወደ ቤት የሚሄደውን ቫልቭ ዝጉ። መነሳቱ ከቆመ የሚያፈሰው ቤት ውስጥ ነው። ካልቆመ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘውን የፓምፑን ቫልቭ አስፈትሹ።

ሽንት ቤቱንም አትርሱ። የቀይ ሥር ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ሳትለቁት ጠብቁ። ሳህኑ ከቀላ ጎሚኒው አልቋል። ግድግዳችሁን አያረጥበውም፤ ግን ቆጣሪውን አዙሮ ያሳስታችኋል።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ የሰው ሴራሚክ ሰበርኩ። ቧንቧው ደህና ነበር፤ ውሃው ከላይ ፎቅ የሲፎን መጋጠሚያ በግድግዳው ውስጥ ይወርድ ነበር። ሴራሚኩን ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ የላይ ጎረቤት ሳላናግር መዶሻ አላነሳም።

ጥገና

ከሻወሩ በኩል አትስበሩ። የዚያን ሴራሚክ አምሳያ ገበያ ላይ አታገኙትም። ከመኝታ ቤቱ በኩል፣ ከኤልቦው ትይዩ፣ ብሎኬቱን ክፈቱ። ልስንና ቀለም ይረክሳል። ዋናውን ውሃ ዝጉ፣ የቦይለሩን ብሬከር አጥፉ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የት እንደሚያልፍ ጠይቁ። ኤልቦውን ቆርጦ በአዲስ መቀየር ነው። ማጣበቂያ ቀብቶ ሊዘጋው የሚሞክረውን ሸኙት። ከዚያ በእጅ ፓምፕ የውሃውን ግፊት 10 ባር አድርሳችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። «ነገ እንለስነዋለን፣ ዛሬ ይታይ» የሚል ባለሙያ ካገኛችሁ ስልክ ቁጥሩን ያዙ።

ሳይደርቅ አትቀቡ። ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉና አንድ ቀን አቆዩት። ከላስቲኩ ጀርባ ጤዛ ከያዘ ግድግዳው ገና ነው። ጤዛው በክፍሉ በኩል ከሆነ የአየር ነው፤ መስኮት ክፈቱ። በክረምት ትዕግሥት ይጠይቃል። ለሻጋታው በረኪና ይሆናል፤ ግን ከአሲድም ሆነ ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ

ኮርኒስ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ ካያችሁ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሰፋ፣ የአሸንዳ መደፈን ወይም የቆርቆሮው ሚስማር ጎሚኒ ነው። ሐምሌን ሳትጠብቁ በግንቦት ውጡና እዩት። ያለ ዝናብ ከሰፋ ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ከሲንኩ ሥር ያለው ፍሌክሲብል ጫፉ ላይ ዝገት ካሳየ ዛሬውኑ ይቀየር።

የቦይለር ሴፍቲ ቫልቭ ውሃ ሲሞቅ ጥቂት ቢያንጠባጥብ ሥራው ነው። በእንጨት የወተፈ ቤት አይቻለሁ። ቦይለሩ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል! ጠብታው ካስቸገራችሁ ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሹ ውሰዱት።

ቤት ዘግቶ ለወራት ውጭ አገር የሚሄድ ዋናውን ቫልቭ ይዝጋ። ፈረቃው እናንተ የላችሁም ብሎ አይቀርም።

ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ ቧንቧውን አጠገቡ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱት። ሰሚት ያለ ደንበኛዬ ይህን ምክሬን ሰምቶ አንስቶ ነበር። በዓመቱ መስታወት ልስቀል ብሎ በድሪል ያንኑ ቧንቧ በሳው። ፎቶው የቀረው አሮጌው ስልኩ ላይ ነው።