ዘይት የሚበላ የኮሮላ ሞተር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ይህ መመሪያ ከ2000 እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ የቶዮታ ኮሮላ መኪኖች ላይ በብዛት ስለሚገኙት የዜድዜድ (ZZ) ሞተሮች ነው። ሦስቱ ወንድማማቾች 1ዜድዜድ (1794 ሲሲ)፣ 3ዜድዜድ (1598 ሲሲ) እና 4ዜድዜድ (1398 ሲሲ) ይባላሉ። የሲሊንደራቸው ስፋት የሁሉም 79 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለያዩት ፒስተኑ በሚጓዘው ርዝመት ነው። ስለዚህ በሽታቸውም መድኃኒታቸውም አንድ ዓይነት ነው። በዚያው ሰውነት ላይ 1497 ሲሲ የሆነው 1ኤንዜድም (1NZ) ተገጥሟል፤ እሱ ሌላ ሞተር ስለሆነ እዚህ የተጻፈውን ቁጥር አትጠቀሙበት። መለዋወጫ ከመግዛታችሁ በፊት በሞተር ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰሌዳ ላይ የሞተሩን ስም አንብቡ።

ምልክት፦ ዘይት ይጎድላል፣ ከሥር ግን አይንጠባጠብም

የዚህ ሞተር ዋና በሽታ ይህ ነው። የካንዴላ መበላሸት፣ የካታላይዘር (የጭስ ማጣሪያው) መደፈን፣ የካቴና (ክራንኩን ከቫልቮቹ ጋር የሚያያይዘው ሰንሰለት) መንኳኳት ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከዚሁ ነው። ስለዚህ ሌላውን ከመንካት በፊት እዚህ መጀመር ይሻላል።

መንስኤው ፒስተኑ ላይ ነው። ፒስተኑ ሦስት ፋሻዎች (በዙሪያው ያሉ የብረት ቀለበቶች) አሉት፤ የታችኛው ሥራ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይት እየጠረገ በፒስተኑ በተበሱ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ኮፓ (ከሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) መመለስ ነው። እስከ 2005 ገደማ በተሠሩት ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። ዘይት ሳይቀየር ሲቆይ፣ ወይም ሞተሩ ደጋግሞ ሲሞቅ፣ የተቃጠለ ጥቀርሻ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከዚያ ፋሻው ራሱ ጎድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ መተንፈስ ያቅተዋል። ያልተጠረገው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ የወጡት ፒስተኖች ተሻሽለዋል።

መጀመሪያ ለኩ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ላይ እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ፤ ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ። ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና እስከዚያው ምልክት ለመሙላት ስንት እንደፈጀ የመጠን ምልክት ባለበት ዕቃ ለኩ። ከ0.3 ሊትር በታች ከሆነ በዚህ ዕድሜ ላለ ሞተር የሚያስደነግጥ አይደለም፤ እየተከታተሉ መንዳት ይቻላል። ከ0.5 ሊትር በላይ ከሆነ ሕክምና ይፈልጋል። ሊትር ካለፈ ሞተሩን ስለመክፈት ማሰብ ይገባል። ጭስ አለማየት ማረጋገጫ አይደለም፤ ካታላይዘሩ ጤነኛ ሳለ ጭሱን ስለሚያቃጥለው በግማሽ ሊትር የሚበላ ሞተር ከኋላው ንጹህ ሊመስል ይችላል።

ጭስ ካለ ግን የሚወጣበት ሰዓት ብዙ ይናገራል። ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ብልጭ ብሎ ከጠፋ፣ ወይም ከእንጦጦ ቁልቁለት እግር ከነዳጁ ላይ ተነስቶ ሲወረድ ቆይቶ እንደገና ሲረገጥ ከወጣ፣ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይገባ የሚከለክሉት ጎማዎች) ደርቀዋል። ዳገት ላይ በጭነት ሳያቋርጥ ከወጣ ፋሻው ነው።

ቀጥሎ ርካሹን ፈትሹ፤ ይኸውም የፒሲቪ ቫልቩን (የኮፓውን ጋዝ የሚያስተነፍሰውን) ነው። ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን ላይ ፈታችሁ በንጹህ ቱቦ ንፉት። ከቴስታታው ወገን ሲነፋ አየር በቀላሉ ማለፍ አለበት፤ ከማኒፎልዱ (ወደ ሲሊንደሮቹ አየር ከሚያስገባው ቧንቧ) ወገን ሲነፋ ሊያስቸግር ይገባል። በሁለቱም በኩል ካለፈ ወይም በሁለቱም ከተዘጋ ቀይሩት። ሲዘጋ በኮፓው ውስጥ ግፊት ተጠራቅሞ ዘይት በየጓርኒሲዮኑ (በየመጋጠሚያው ማሸጊያ) ይገፋል።

ከዚያ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካል፤ እዚህ ላይ ደጋ ላይ ያሉ ጋራዦች ደጋግመው የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የፋብሪካው ቁጥር ለጤነኛ ሞተር 13 ባር፣ ዝቅተኛው 10 ባር፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 1 ባር ነው። ይህ ቁጥር ግን ለባህር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባህር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ሲሊንደሩ የሚስበውም በዚያው ልክ ያነሰ አየር ነው። ስለዚህ እዚህ ጤነኛው ሞተር 10 ባር አካባቢ ያሳያል፤ የሚያሰጋው ወደ 7.5 ሲወርድ ነው። «10 ብቻ አሳየ፣ ሞተሩ አልቋል» ተብሎ የወረደ ሞተር ያለ ጥፋቱ ነው የወረደው። ከቁጥሩ ይልቅ የአራቱን ሲሊንደር መቀራረብ እመኑ። ሲለካ ሞተሩ የሞቀ፣ ባትሪው የሞላ፣ አራቱም ካንዴላ የወጡ፣ የኢንጀክተሮቹና የኮይሎቹ ሶኬት የተነቀለ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች የተረገጠ መሆን አለበት። ዝቅ ያለ ሲሊንደር ካለ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት፤ ከፍ ካለ ፋሻ ወይም ሲሊንደር፣ ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በእነዚህ ሞተሮች ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ሆኖ ዘይት መብላት የተለመደ ነው። ግፊቱን የሚይዙት የላይኞቹ ሁለት ፋሻዎች ናቸው፤ የታመመው ሦስተኛው ነው።

መፍትሄው በደረጃ ነው። የመጀመሪያው ሞተሩን ሳይከፍቱ መዘፍዘፍ ነው። ካንዴላዎቹን አውጡ፤ በቁልፍ ክራንኩን አዙራችሁ አራቱንም ፒስተን እኩል ከፍታ ላይ፣ መሐል አቁሟቸው። የፒስተን ጥቀርሻ ለማሟሟት የሚሸጠውን ፈሳሽ በየሲሊንደሩ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምራችሁ ቢያንስ ሌሊቱን አሳድሩት፤ ካለቀ ጨምሩ። ጠዋት የካንዴላ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍናችሁ፣ የኢንጀክተርና የኮይል ሶኬቶቹ እንደተነቀሉ፣ በሞተሪኖው (በማስነሻው) አሽከርክሩትና የቀረው ፈሳሽ ይውጣ። ይህን ሳያደርጉ ካንዴላ አስሮ ማስነሳት ፒስተኑ ፈሳሽ ላይ እንዲመታ ያደርጋል፤ ፈሳሽ አይጨመቅምና ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ይታጠፋል። ከዚያ ዘይቱንና ፊልትሮውን ወዲያው ቀይሩ፤ ፈሳሹ ወደ ኮፓ ወርዷል። ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ብዙ ያጨሳል፤ ክፍት ቦታ ላይ ይሁን። ፋሻው ገና ካልደነዘዘ ለውጡ በቀጣዩ 1000 ኪሎ ሜትር ይታያል። ሁለት ጊዜ ተደርጎ ካልቀነሰ ሦስተኛው ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው መክፈት ነው። ቴስታታና ኮፓ ወርደው፣ አዲስ ፋሻ፣ አዲስ የቫልቭ ጎሚኒ፣ ከተቻለ ደግሞ የተሻሻለው ፒስተን ይገባል። ፋሻ ብቻ ቀይሮ የተደፈነውን አሮጌ ፒስተን ሳያጸዱ መመለስ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ እዚያው ያደርሳል፤ ከሥራው ሁሉ በብዛት የሚዘለለው ይህ ነው። ብሎኩ አልሙኒየም፣ የሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳ ደግሞ ስስ ብረት ነው፤ እንደ ድሮዎቹ የብረት ብሎኮች ደጋግሞ ሬክቲፊካ (ግድግዳውን መቦርቦርና ማለስለስ) የሚችል አይደለም። ግድግዳው ከተቧጨረ ብሎክ መፈለግ ይቀላል።

ስለ ዘይቱ፦ ከፊልትሮ ጋር 3.7 ሊትር ነው የሚይዘው። 4 ሊትሩን ጋሎን ሙሉ መገልበጥ ያበዛበታል። የፋብሪካው ምርጫ 5ደብሊው-30 ነው፤ ለደከመ ሞተር 10ደብሊው-40 ፍጆታውን ትንሽ ይቀንሳል። 20ደብሊው-50 ግን አትጠቀሙ። የካቴናው መወጠሪያና የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያው በዘይት ግፊት ስለሚሠሩ ወፍራም ዘይት ጠዋት ዘግይቶ ይደርሳቸዋል። በከተማ መንገድ በ5000 ኪሎ ሜትር መቀየር ይገባል።

ምልክት፦ ሲነሳ ወይም ሲሠራ መንኳኳት

ጠዋት ለአንድ ሁለት ሰከንድ ተንኳኩቶ ከጠፋ፣ መጀመሪያ የዘይቱን መጠን እዩ። ዘይት የሚበላ ሞተር ያለ ዘይት ሲነዳ የሚያልቀው ካቴናው ነው። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ከቀጠለ የካቴናው መወጠሪያ ነው። እሱ ከውጭ በሁለት ባለ 10 ዳዶ የታሰረ ስለሆነ ሞተር አያስወርድም። የመወጠሪያው ቀለበት ጎማ ደርቃ በቺንጋው (ከውጭ በሚዞረው ቀበቶ) ወገን ዘይት የሚያልበው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፤ ጎማዋን መቀየር ይበቃል። መወጠሪያው ወጥቶ ሳለ ክራንኩን አታዙሩ፣ ካቴናው ይዘላል። ስትመልሱት ግንዱን ገፍታችሁ በመንጠቆው ያዙት፤ ዳዶዎቹን በ9 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፤ ከዚያ ክራንኩን ትንሽ ወደ ግራ ስታዞሩ መንጠቆው ይለቃል፣ ወደ ቀኝ መልሱት። መንጠቆውን ሳይለቁ ማስነሳት ካቴናው ላልቶ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ሳያቋርጥ እንደ ናፍጣ ሞተር የሚንኳኳ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ካቴና አይደለም። በ19 ቁልፍ የቺንጋውን መወጠሪያ አላልታችሁ ቺንጋውን አውጡና ሞተሩን ከ30 ሰከንድ ለማይበልጥ ጊዜ አስነሱ። የውሃ ፓምፑ በዚሁ ቺንጋ ስለሚዞር ከዚያ በላይ አታቆዩት። ድምፁ ከጠፋ የቺንጋው መወጠሪያ፣ የአልተርኔተሩ ወይም የፓምፑ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው፤ እያንዳንዱን በእጅ አዙራችሁ ለዩ።

ምልክት፦ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) መንቀጥቀጥ፣ መጥፋት፣ የቼክ መብራት

በመመርመሪያ መሣሪያ የተነበበው ኮድ ፒ0301 እስከ ፒ0304 ከሆነ የመጨረሻው ቁጥር በትክክል የማያቃጥለውን ሲሊንደር ይነግራል፤ አንደኛው በቺንጋው ወገን ያለው ነው። የዚያን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ኮይሉ ነው። ካልሄደ ካንዴላውን አውጡ፤ በ16 ቁልፍ ይወጣል፣ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ጫፉ በጥቁር ዘይት ከራሰ ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመለሱ። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ከተኛ ግን ፋሻ ሳይሆን የቴስታታ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ነው፤ በርካሽ ያልቃል።

ኮዱ ፒ0171 ሆኖ መንቀጥቀጡ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ደርቆ አየር እያስገባ ነው። ሲሞቅ ይነፋና ይዘጋል፤ ለዚህ ነው ከሰዓት ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ የሚመስለው። መኪናውን ማታ ትታችሁ ጠዋት ሳይነሳ አስመርምሩት። ሚኒሞው ቀዝቅዞም ሞቆም ከ650 እስከ 750 ዙር ሳይረጋ ከዋለ ትሮትሉንና የሚኒሞ ቫልቩን በካርቡራቶር ማጽጃ እጠቡ።

ፒ1349 ወይም ፒ0011 የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያው ነው። በአንድ ባለ 10 ብሎን የታሰረውን የዘይት ቫልቭ አውጡ፤ ሲቀዘቅዝ ከ6.9 እስከ 7.9 ኦም ማሳየት አለበት። ቴስታታው ላይ ካለው ብሎን በስተጀርባ ደግሞ ትንሽ ወንፊት አለች፤ ቆሻሻ ስትይዝ ቫልቩ አዲስ ቢሆንም ኮዱ ይመለሳል። መጀመሪያ እሷን አጽዱ።

ምልክት፦ መሞቅ

አዲስ አበባ ላይ ክዳን የሌለው ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የዚህ ሞተር ቬንትሌተር (የራዲያተሩ ማራገቢያ) የሚነሳው ደግሞ 93 አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ቬንትሌተሩ ሳይነሳ ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ስለዚህ ራዲያተር ከማሳጠብ በፊት ክዳኑን ቀይሩ፤ አዲሱ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ሞተሩ ሞቆ ሳለ አትክፈቱት። ቴርሞስታቱ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፤ በድስት ውሃ ስትፈትሹት ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብላችሁ አትጣሉት፣ ለዚያ የሚያስፈልገውን 95 ዲግሪ የደጋ ድስት አይደርስበትም። አውጥቶ ያለ ቴርሞስታት መንዳትም መፍትሄ አይደለም፤ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ጥቀርሻ ያበዛል፣ ጥቀርሻውም ፋሻውን ይይዛል። የቧንቧ ውሃ አልሙኒየሙን ይበላል፤ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተጠቀሙ።

ምልክት፦ ዳገት ላይ አቅም ማጣት

በባዶ ማርሽ ሲረገጥ ዙሩ በደንብ እየወጣ ዳገት ላይ ከታፈነ፣ ኮዱም ፒ0420 ከሆነ፣ የተቃጠለው ዘይት ካታላይዘሩን ደፍኖታል። ከፊቱ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትታችሁ ለአጭር ርቀት ዳገት ሞክሩት፤ በጣም ይጮኻል፣ አቅሙ ግን ከተመለሰ የተዘጋው እሱ ነው። አዲሱን የምትገዙት የዘይቱ ፍጆታ ከቆመ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ እሱም በዚያው ዘይት ይደፈናል።