ባምብልቢን ስትለዩ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ባምብልቢ ወፍራም፣ ጸጉራም የንብ ዓይነት ናት። ግን ግዙፍ፣ ጥቁርና ድምፀ ጎርናና ንብ ባያችሁ ቁጥር «ባምብልቢ!» አትበሉ። ሆዷን ከላይ በኩል እዩት። እንደተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ ከሆነ እንጨት የምትበሳዋ ንብ ሳትሆን አትቀርም። የባምብልቢ ሆድ ጸጉራም ነው። ደግሞም ከሰሃራ በታች ሀገር በቀል ባምብልቢ የለም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን በቀለም ነው። የአውሮፓዋን ባምብልቢ፣ ቦምቡስ ቴሬስትሪስን እንውሰድ፤ «ቦምቡስ» የባምብልቢዎች ሁሉ የጋራ ሳይንሳዊ ስም ነው። ሁለት ቢጫ ቀበቶ፣ ነጣ ያለ ጭራ አላት። ቦምቡስ ሉኮሩምም ያው ናት። የብሪታንያ ቴሬስትሪስ ንግሥት ጭራዋ ወደ ቡናማ ስለሚያደላ ትለያለች። ሠራተኞቹን ግን ፎቶ አይቶ «ይቺ ናት» ብሎ መማል ድፍረት ነው። ይባስ ብሎ ሉኮሩም ስትባል የኖረችው በዲኤንኤ ሲታይ ሦስት ዝርያ ሆና ተገኝታለች፦ ሉኮሩም፣ ማግኑስና ክሪፕታሩም። ስለዚህ «የሉኮሩም ቡድን» ብላችሁ ብትጽፉ ነውር የለውም።

ፆታዋንም በመጠን አትገምቱ። አንቴናዋን ቁጠሩ፤ የሴት 12፣ የወንድ 13 አንጓ አለው። አልቆጠር ካላችሁ የኋላ እግሯን እዩ። ዳር ዳሩን በረጃጅም ጸጉር የታጠረ፣ ጠፍጣፋና አብረቅራቂ የአበባ ዱቄት መያዣ ካለ ሴት ናት። ከሌለ ግን «ወንድ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ጥገኛ ባምብልቢዎች አሉ። ሴቷ የሌላዋን ጎጆ ወርራ ልጆቿን በባለቤቶቹ ታሳድጋለች። ታዲያ ምን በወጣት ዱቄት ትሸከማለች? እነዚህ ድሮ ፕሲቲሩስ የሚባል የራሳቸው ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ወገን) ነበራቸው፤ ዛሬ ቦምቡስ ውስጥ ገብተዋል።

እንደ ማር ንብ ቀፎ ሙሉ ማርም አትጠብቁ። ቴሬስትሪስ በአብዛኛው ብርዱ ሲመጣ ጎጆዋ ያልቃል፤ ከወንድ ጋር የተገናኘች አዲስ ንግሥት ብቻ አፈር ውስጥ ተደብቃ ትከርማለች። ብርዱ ሲያልፍ ከሰም ትንሽ ማሰሮ ሠርታ የአበባ ወለላ ትሞላለች። ከዚያ እንደ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ፣ ማሰሮውን ፊቷ አድርጋ፣ ሳትነሳ እየጠጣች ታሞቃቸዋለች።

ስሟን ስትጽፉ ቅንፉን አትርሱ፦ ቦምቡስ ቴሬስትሪስ (ሊኒየስ፣ 1758)። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ መጀመሪያ ከማር ንብ ጋር አፒስ በሚባለው ጂነስ ውስጥ ነበር የመደባት፤ ቦምቡስን በ1802 የለየው ፈረንሳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ላትሬይ ነው። ጂነሷ መቀየሩን የሚናገረው ያ ቅንፍ ነው።

«ሀገር በቀል» ስትሉ ደግሞ የት እንደሆነ ጨምሩ። ቴሬስትሪስ ለአውሮፓ ሀገር በቀል ናት። ቺሊ ውስጥ ግን ለእርሻ ተብላ የገባች መጤ ናት፤ የሀገሩዋ ትልቋ ብርቱካናማ ቦምቡስ ዳልቦሚ እየጠፋች ያለችውም እሷ ከተስፋፋች በኋላ ነው።