ችግሩ ባትሪው አልነበረም

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ የአሮጌዋ ኮሮላዬ መብራት ደበዘዘ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የባትሪ ምልክት በራ። ያየ ሁሉ «ባትሪ ቀይር» አለኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ለካሁ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.3 ቮልት፣ ተነስቶም 12.1። ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) ደህና ቢሆን ከ13.8 እስከ 14.4 አካባቢ ማሳየት ነበረበት። ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ አልላላም። የባትሪውን ጫፎች ባጸዳም ለውጥ የለም።

ዲናሞው ሲፈታ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ካርቦኖቹ አልቀው የጥፍር ያህል ቀርተዋል። ካርቦን ብቻ ቢሆን ይቀየር ነበር፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታውም ግን ይጮሃል። ስለዚህ ያገለገለ ግን በደንብ የተፈተሸ ዲናሞ ገጠምን።

አደራ፣ ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ! ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦ መኪናው ጠፍቶም ኃይል አለው።

አሁን 14.2 ያሳያል። ማታ ሁሉንም መብራት አብርቼ ከ13.9 አልወረደም።